ከአሥር አራቱ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው «ጸጥታ» እያለ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ስለማያወራ ነው። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ አለማውራት እንግዳ ነገር ስለሆነ ስሙ ቶሎ ተጣበቀበት። አንድ ቀን ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ደንበኛ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ተጋድሞ ሳለ፣ በር ላይ የቆመ ሰው «ጸጥታ መጣ!» ብሎ ቢጣራ፣ እንግዳው ጸጥታ አስከባሪዎች የመጡ መስሎት ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ብድግ ብሎ መታወቂያውን ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። ሱቁ በሳቅ አበደ። ጸጥታ ግን ፈገግ ብሎ እጁን ታጠበና ምላጩን አነሣ።

ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁለት ወንበሮች ናቸው። ሁለተኛው የባልደረባው ነው፤ እሱን ደግሞ «ሬዲዮ» ይሉታል። ሬዲዮ ጠዋት በሩን ሲከፍት የጀመረውን ወሬ ማታ ሲዘጋም አይጨርሰውም። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ድርሻ ነክቶ አያውቅም። ወሬ የፈለገ ሬዲዮ ዘንድ ይቀመጣል፤ በምላጭ መላጨት የፈለገ ወደ ጸጥታ ይሄዳል። ጢማቸው እንደ ሽቦ የሆነ፣ ጉንጫቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው፣ የአንገታቸው ቆዳ የተሸበሸበ ሽማግሌዎች ሁሉ እጁን ያውቁታል። «ሲላጨኝ እንቅልፍ ይወስደኛል» ይላሉ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፤ እውነትም ያንኮራፋሉ።

ጸጥታ ሃምሳ ሁለት ዓመት በሞላው ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ሱቁ ሲገባ በትልቁ መስታወት ውስጥ ያየው ሰው እሱን አልመስለው አለ። የዐይኑ ቆብ አብጦ ዐይኖቹ ጠበዋል።

«ማነው የመታህ?» አለ ሬዲዮ። «ሚስትህ ናት እንዳልል፣ እሷ እንኳን አንተን ዝንብም አትመታ።»

ጸጥታ ትከሻውን ነቀነቀና ሥራውን ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ የዐይኑ እብጠት ጎደለ፤ ማታ ግን ካልሲውን ሲያወልቅ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ መስመር ትቶ አገኘው። በሳምንቱ የጫማው ማሰሪያ አልደርስ አለ። ከሁሉም ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጢም አረፋ ሲመታ የኖረ ሰው አረፋ ያውቃል። ሽንት ቤት ውስጥ ያየው አረፋ ውኃ ሲለቀቅበት እንኳ አልከስም አለ። ለማንም ትንፍሽ ሳይል ሦስት ሳምንት ሥራው ላይ ዋለ።

የደረሰችበት ሚስቱ ናት። የአንደኛ ክፍል መምህርት ስለሆነች የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ከዐይኗ አያመልጥም። አንድ እሑድ ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ «እግርህን አምጣ እስቲ» አለችው። ሱሪውን ሰብስባ በአውራ ጣቷ ቅልጥሙ ላይ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ጣቷ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ።

«ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ቆየ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ሦስት ሳምንት።»

ሚስቱ አልጮኸችም። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ጥፋቱን ደብቆ ስታገኘው እንደምታደርገው ዝም ብላ አየችው፤ ከጩኸት የባሰ ነው። በማግስቱ ለትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠየቀችና ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። ከጤና ጣቢያው በዚያው ቀን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳቸው።

የኩላሊት ሐኪሟ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። ነገር ስታስረዳ እየሣለች ነው። ወረቀት ላይ ወንፊት የመሰለ ነገር ሣለችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች፣ «ኩላሊት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው ጋሼ» አለች። «ቆሻሻውን ያሳልፋል፤ የሚጠቅመውን ያስቀራል። የእርስዎ ወንፊት ቀዳዳው ሰፍቶበታል። ደም ውስጥ መቅረት ያለበት ፕሮቲን በሽንት እየወጣ ነው፤ በቀን ዘጠኝ ግራም። ከጤነኛ ሰው የሚወጣው ከቁጥር የማይገባ ነው። ውኃው ወደ እግርዎና ወደ ፊትዎ የሚሸሸው ለዚህ ነው።»

ምክንያቱን ለማወቅ ከኩላሊቱ ናሙና መወሰድ ነበረበት። ጸጥታን በሆዱ አስተኙት፤ ጀርባውን አደነዘዙት፤ ከዚያ ሐኪሟ የመርፌውን ድምፅ አስቀድማ አሰማችው፤ ቀጭ የሚል ነው። «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ሲያይ ዋለ። ሚስቱ አጠገቡ ሆና የተማሪዎቿን ደብተር አረመች። ሬዲዮ ሊጠይቀው መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ስድስት ሕመምተኞች በሙሉ ተዋውቆ ሄደ።

ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ፤ ሕመሙ በመድኃኒት የሚሞከር ዐይነት ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱ ስቴሮይድ የሚባለው ዐይነት እንደሆነ፣ በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ አሥራ ሁለት ፍሬ አንዴ እንደሚዋጥ፣ ረሃብ እንደሚያመጣ፣ እንቅልፍ እንደሚነሣ፣ ፊት እንደሚያከብብ፣ ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረችው። ጨው እንዲቀንስም አስጠነቀቀችው። «ከሁሉም በላይ ግን» አለች፣ «እኔን ሳይጠይቁ በድንገት እንዳያቆሙት።»

ጸጥታ እስከ መጨረሻው ሰማና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ይሠራልኛል?»

ሐኪሟ መነጽሯን አደረገች። «ሕፃናት ቢሆኑ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድኑልኛል፤ ሳላንገራግር አዎ እል ነበር። አዋቂ ላይ ግን ነገሩ ይለያያል። አንዱ በወሩ ይድናል፤ አንዱ አራት ወር ይፈጅበታል፤ አንዱ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ሦስቱም ሲመጡ ተመሳሳይ ናቸው።» ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ከባልደረቦቼ ጋር እዚህ ሆስፒታል የታከሙ አዋቂዎችን መዝገብ ሰብስበን እያጠናን ነው። ዕድሜያቸውን፣ ናሙናቸው ላይ የታየውን ጠባሳ፣ የሚያፈሱት ትንንሹን ፕሮቲን ብቻ ነው ወይስ ትልቁንም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ያህል እንደቀነሰላቸው… እነዚህን አይተን ማን እንደሚድን ቀድመን መገመት እንችላለን ወይ ነው ጥያቄው።»

«እሱስ?» አለች ሚስቱ በአገጯ ወደ ባሏ እያመለከተች።

«ናሙናው ላይ ጥቂት ጠባሳ አለ። ትልቁም ፕሮቲን ትንሽ ትንሽ እየወጣ ነው። በዚህ ወረቀት ብንሄድ…» ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎን ከሚመስሉ አሥር ሰዎች አራቱ በአሥራ ስድስት ሳምንት ውስጥ በዚህ መድኃኒት ይድናሉ።»

«ስድስቱስ?» አለች ሚስቱ።

«ስድስቱን አልጥላቸውም፤ ሌላ መድኃኒት አለ። ግን ቀድሜ ባውቃቸው ኖሮ ይህን ከባድ መድኃኒት አራት ወር አላስውጣቸውም ነበር። የምንለፋውም ለዚያ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ እርሳቸው አይደለም። እርሳቸውን ስለሚመስሉ ሰዎች ነው።» ከዚያም የእሱም ቁጥር ጥናቱ ውስጥ እንዲገባ ፈቃደኛ መሆኑን ጠየቀችው። ጸጥታ በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ፈረመ።

አውቶቡስ ውስጥ ሚስቱ «አራት ጥሩ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ክፍሌ ውስጥ ከአሥር አራቱ ጽሑፋቸው ያምራል» አለች። ጸጥታ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር። ከአሥር ሰው አራት። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አሥር ሰው መረጠና የትኞቹ አራት እንደሚድኑ ለመገመት ሞከረ። ቀይ ሹራብ የለበሰችውን አዳናት፤ የሚያስለውን ሽማግሌ አዳነው። ሌሎቹን መተው ከበደውና ጨዋታውን አቋረጠ።

መድኃኒቱ በመጀመሪያ ያመጣው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነው። ጸጥታ ማውራት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ስለ እግር ኳስ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተከራከረ፤ በአራተኛው ሳምንት ሬዲዮን ሁለት ጊዜ አቋረጠው። ሬዲዮ መቀሱን ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ወይ ጉድ! ጣቢያ ሊከፍትብኝ ነው» አለ። ፊቱ ደግሞ እንደተባለው ከበበ፤ «አሁን አንተን ለመላጨት ሁለት ሰው ያስፈልጋል» እያለ ሬዲዮ ያሾፍበታል። ረሃቡ የጉድ ነው። ጸጥታ ከምሳ በኋላ ምሳ ያምረዋል። ንዴትም አለ፤ አንድ ቀን ፎጣ በቦታው ስላልተሰቀለ ብቻ ባልደረባው ላይ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሬዲዮ ፎጣውን ሰቅሎ፣ «እኔ በጤናዬም እንደዚህ ነኝ» አለውና ነገሩን በቀልድ አሳለፈው።

እነዚህን ሁሉ ሊችላቸው ይችል ነበር። ያልቻለው የእጁን ነው። በስድስተኛው ሳምንት ጡረተኛውን መምህር እየላጨ ሳለ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። እንዲያው በትንሹ ነው፤ ሻይ የያዘ ሰው ብርጭቆው ውስጥ እንደሚያየው ዐይነት። ከመምህሩ ጆሮ ሥር ቀጭን የደም መስመር ወረደች። ሃያ ሁለት ዓመት ተላጭተው አንዲት ጠብታ አይተው የማያውቁት ሰውዬ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምንም አይደል፣ ቀጥል» አሉ። ጸጥታ ቀጠለ፤ ጨረሰ፤ ቁስሉን በአልኮል ጠረገላቸው። ከዚያ ምላጩን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስገባና ቆለፈበት። ከዚያ ቀን በኋላ በማሽን ብቻ ይሠራ ጀመር። ለማንም አልተናገረም፤ ሬዲዮ ግን ዐይቷል።

የአራተኛው ሳምንት ምርመራ ስምንት ግራም ተኩል ነበር፤ ለውጥ የለም ማለት ነው። በስምንተኛው ሳምንት ሰባት ሆነ። ሐኪሟ ወረቀቷን እንደገና ዘረጋችና ቁጥሮቹን በጣቷ ተከተለች። «እንዲህ በትንሹም ቢሆን ጎደል ያለላቸው ሰዎች ግማሾቹ በኋላ ድነውልኛል» አለች። «ከአራት ወደ አምስት ከፍ ብለናል ማለት ነው። አሁን ሁለት መንገድ አለ፤ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት መታገሥ ወይም ወደ ሌላው መድኃኒት መዞር። እኔ ብሆን እታገሥ ነበር። ግን የሚውጡት እርስዎ ነዎት። ያስቸገረዎት ነገር አለ?»

«የለም» አለ ጸጥታ፤ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

በአሥረኛው ሳምንት ጡረተኛው መምህር እንደገና መጡ። ሬዲዮ ወንበሩን አራገፈላቸው። እሳቸው ግን አልፈውት የጸጥታ ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ «ጉሮሮዬን ለዚህ አልሰጥም፤ ወሬው ሲሞቅለት የያዘው ምላጭ መሆኑን ይረሳዋል» አሉ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ጸጥታ እጁን አየው። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» አላቸው። መምህሩ ቅር ሳይላቸው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ለጸጥታ ግን ያች «የሚቀጥለው ሳምንት» ዕዳ ሆነችበት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ቀድማ ስትወጣ ከአሥራ ሁለቱ ፍሬ ስድስቱን ብቻ ዋጠ። በነጋታው ሁለት። ከዚያ ለሦስት ቀን ምንም። ያልዋጣቸውን መጣል አሳዘነውና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባለች አሮጌ የመላጫ ኩባያ ውስጥ አጠራቀማቸው። በአራተኛው ቀን እጁ ረጋ ያለ መሰለው፤ ደስ አለው። በአምስተኛው ቀን ግን ረፋድ ላይ የአንድ ደንበኛ ፀጉር እያስተካከለ ሳለ ጉልበቱ ከዳው። ዐይኑ ጨለመበት፤ የወንበሩን መደገፊያ ሊይዝ ሲል ሳተውና ወለሉ ላይ፣ በተቆረጠው ፀጉር መሀል ተዘረጋ።

ሬዲዮና ደንበኛው ተጋግዘው አነሡት፤ ነፍሱ መለስ ሲል ታክሲ ጠርተው ቤት አደረሱት። ትምህርት ቤት ተደውሎላት የመጣችው ሚስቱ ፊቱን የምታብስበት ውኃ ልታመጣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ያችን ኩባያ ስታነሣ ተንሿሿች። ገልብጣ ፎጣ ላይ ቆጠረቻቸው። መምህርት ናትና ቁጥር አትሳሳትም። ሃምሳ ሁለት ፍሬ።

ፎጣውን በአራት ማዕዘኑ ይዛ መጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ሬዲዮ ይህን ሲያይ ወደ በረንዳ ወጣ።

«ምንድነው ይሄ?»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ ጸጥታ። ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። «ምላጭ መያዝ አልቻልኩም። እጄን አጥቼ ኩላሊቴ ቢድን ምን ያደርግልኛል ብዬ…»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጸጥታ አንዷን ፍሬ አንሥቶ መልሶ ፎጣው ላይ አስቀመጣት።

«ስማኝ» አለች አጠገቡ ተቀምጣ። «ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ስትለኝ ችዬሃለሁ። ያንተ ዝምታ ጥሩ ዝምታ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ይሄኛውን ግን አልችልም። ይሄኛው ብቻዬን የሚያስቀረኝ ነው።» ጸጥታ እጇን ያዘ። ሁለቱ እጆች አብረው ተንቀጠቀጡ፤ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሆስፒታል ደረሱ። የደም ግፊቱ ወርዷል። ሐኪሟ ፈሳሽ አስደረገችለት፤ መድኃኒቱንም መልሳ አስጀመረችው። ሲረጋጋ መዝገቡን ከፍታ ጻፈች። «እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው አይደል?»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞር አለች፤ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችለትም። ጸጥታ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ይጻፉት። አንድ ቀን ግማሹን፣ አንድ ቀን ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ቀን ምንም አልወሰድኩም። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ባለፈው ሲጠይቁኝም ዋሽቼዎታለሁ።»

ይቆጡኛል ብሎ አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አመሰግናለሁ» አለች። «መድኃኒቱን በድንገት ሲያቆሙ ሰውነት ይከዳል፤ ራሱ የሚሠራውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማምረት ትቶ ተኝቷልና። በሕይወትዎ ነው የቀለዱት። ግን አመሰግናለሁ የምለው ለሌላ ነው። ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ በመጨረሻ ምን እጽፍ እንደነበር ያውቃሉ? ‹በሙሉ መጠን ወሰደ፤ አልሠራለትም› ብዬ ነበር የምጽፈው። ያ ውሸት ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ነገ እርስዎን ለሚመስል ሰው ተስፋውን ይቀንስበት ነበር።»

ጸጥታ ይህን አላሰበውም። እስከዚያች ቀን ድረስ የዋጠውም ያልዋጠውም የራሱ ጉዳይ ብቻ ይመስለው ነበር። አንድ የማያውቀው ሰው፣ ምናልባት ገና ያልታመመ ሰው፣ በእሱ ኩባያ ውስጥ በተደበቁ ፍሬዎች ሊጎዳ እንደሚችል ሲሰማ ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

«የእጅዎን ነገር ግን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ» አለች ሐኪሟ፣ «መላ ነበረው።» ስኳሩን አስመረመረችው፤ ከፍ ብሎ ተገኘና እሱን አስተካከለችለት። የሚወስደውንም ከአሥራ ሁለት ወደ አሥር ዝቅ አደረገችው። መንቀጥቀጡ ባይጠፋም ቀለል አለ። ከዚያ ወዲህ ጸጥታ ትንሽ ደብተር ያዘ። ዛሬ ምን ያህል ፍሬ፣ እጄ እንዴት ዋለ፣ እግሬ እንዴት አመሸ፤ በየቀኑ ይጽፋል። ሚስቱ በቀይ እስክሪብቶ ታርምለታለች፤ አንዳንዴም «ጥሩ ሥራ» ብላ ትጽፍለታለች።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አምስት ግራም ተኩል። ሐኪሟ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። አሥራ አራተኛው ሳምንት ሁለት። የላብራቶሪዋ ሴት ናሙና የተቀያየረ መስሏት እንደገና ሽንት እንዲሰጥ አስጠራችው፤ እንደገናም ሁለት ሆነ። ያን ሰሞን ጸጥታ ሽንት ቤት በገባ ቁጥር አረፋውን ጎንበስ ብሎ ያጠናል፤ ሚስቱ በር እየቆረቆረች፣ «ኧረ ውጣ፣ እኔም ሥራ አለብኝ!» ትለዋለች። ሰውነቱ ውስጥ የታገደው ውኃ ወጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰ። የጫማው ማሰሪያ ደረሰ።

በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ከክፍሏ ራሷ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ተቀምጠው ነበር። «ግማሽ ግራም አይሞላም!» አለች። ዝግ ያለው ንግግሯ ያን ዕለት ፈጠነ። «ከአራቱ አንዱ ሆኑ ጋሼ!»

ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ኋላ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ፣ ጸጥታ «ሌሎቹ ግን እንዴት ሆነው ይሆን?» ያላት። ሚስቱ የጠየቀው ስለ ማን እንደሆነ ገባት።

መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ እየተቀነሰ ወረደ። አምስት ፍሬ ላይ ሲደርስ እጁ ጸና። መሳቢያውን ከፈተና ምላጩን አውጥቶ በመሳያው ቆዳ ላይ ሳለው፤ ግን ደንበኛ ላይ ለመሞከር ድፍረት አጣ። ያኔ ሬዲዮ የራሱን ፎጣ አንገቱ ላይ ጠቅልሎ የጸጥታ ወንበር ላይ ተንጋለለና፣ «በል፤ ብታርደኝም ሰፈሩ ይገላገላል» አለው። ጸጥታ አረፋውን መታ፤ ቀባው፤ ምላጩን አገጩ ሥር አስጠጋ። ሬዲዮ ዐይኑን ጨፈነ። ሱቁ ውስጥ የምላጩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ሩብ ሰዓት ሙሉ ዝም ማለቱን ያዩት ምስክሮች ዛሬም ድረስ ያወሩታል። አንዲት ጠብታ ደም አልወጣችም። በማግስቱ ወደ ጡረተኛው መምህር ስልክ ተደወለ፤ እሳቸውም መጥተው እንደ ልማዳቸው አንኮራፉ።

ሁሉ ነገር በዚያው አለቀ ማለት አይደለም። በዓመቱ ጉንፋን ይዞት ሰነበተና ዐይኑ እንደገና አበጠ። ያን ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት አልቆየም፤ በዚያው ጠዋት ለሚስቱ ነገራት፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሐኪሟ ዘንድ ነበሩ። መድኃኒቱን እንደገና ጀመረና በአንድ ወር ዳነ። «ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ እናውቀዋለን» ነው ያለችው ሐኪሟ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር የለመነችው። ረቡዕ ጠዋት መድኃኒቱን የሚጀምሩ አዳዲስ ሕመምተኞች ይመጣሉ፤ «እኔ ልነግራቸው የማልችለውን ቢነግሩልኝ» አለችው። ጸጥታ ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። በመጨረሻ ሬዲዮ፣ «ሂድ እንጂ፤ ወንበርህን እኔ እጠብቃለሁ» አለውና ሄደ።

በአንዱ ረቡዕ ያገኛት አንዲት የብየዳ ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ክንዷ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ምልክቶች አሏት፤ ከእብጠቱ የተነሣ የሥራ ጫማዋን ትታ በነጠላ ጫማ መጥታለች። በደስታ ፊቷ በርቷል። «ስምንት አሉኝ ጋሼ! ከአሥር ስምንት!»

«እሰይ» አላት ጸጥታ። «እኔ አራት ነበርኩ።»

«ታዲያ ከአራት ከዳኑ እኔማ…»

«እህቴ፣ እንዲህ አይደለም።» ጸጥታ ቃል መረጠ። «ስምንት ጥሩ ነው፤ ደስ ይበልሽ። ግን ወረቀቱ አንቺን አያውቅሽም። አንቺን የሚያውቅሽ ራስሽ ነሽ። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ ተናገሪ። ብትረሺ፣ ብትሰለቺ፣ ብትተዪው እንኳ ተናገሪ። እኔ ደብቄ ወለል ላይ ነው የተገኘሁት።» ከዚያ ስለ ኩባያዋ፣ ስለ ሃምሳ ሁለቱ ፍሬ፣ ስለ ደብተሩ አጫወታት። ስትሄድ የስልክ ቁጥሩን ወሰደች።

በስምንተኛው ሳምንት ደወለች። ጸጥታ ማሽኑን አጥፍቶ ወደ በሩ ወጣ። «ጋሼ፣ ከስምንቱ ውስጥ የለሁበትም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ምንም አልቀነሰም። አንዲት ግራም እንኳ።»

«ሐኪሟ ምን አለች?»

«ወረቀቱን አስተካክለነዋል አለች። አዳዲስ ሰዎች ገብተውበታል፤ እርስዎም አሉበት መሰለኝ። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ጭራሽ ካልተነቃነቀ፣ ቢቆይም የሚድነው ከስንት አንድ ነው አለች። ስለዚህ እስከ አሥራ ስድስት አላስጠብቅሽም፤ ከነገ ጀምሮ ይሄኛውን ቀስ እያልን እንቀንስና ሌላውን እንጀምር አለችኝ።»

«ስምንት ሳምንት አተረፈችልሽ» አለ ጸጥታ።

«እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር» አለች።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ የሱቁ በር ተከፍቶ የብየዳ ሠራተኛዋ ገባች። ጸጥታ መጀመሪያ አላወቃትም፤ ፊቷ ቀጥኗል፤ የሥራ ጫማዋን እስከ ላይ አስራለች። «አሥራ አንድ ግራም የነበረው ሦስት ሆኗል» አለች ቆማ። «ገና አላለቀም፤ ግን በየወሩ እየወረደ ነው።» ሬዲዮ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። ተራ የሚጠብቁትም አጨበጨቡ።

እንድትቀመጥ ሬዲዮ ወንበሩን ሲያዞርላት የእግር ማሳረፊያው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሬዲዮ ከሁለት ዓመት ጀምሮ በሽቦ እያሰረ ነበር ያቆየው። እሷ አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ ብረቱን አገላብጣ አየችው፤ የተገነጠለበትን በጥፍሯ ፋቀችው። «ይሄ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለች። «ዕቃዬ ደጅ ያለው መኪና ላይ ነው።»

ወጥታ ማሽኗንና የፊት መከለያዋን ይዛ ተመለሰች። ገመዱን በበሩ በኩል ሳበች፤ ወንበሩን ወደ ደጃፍ አስወጣችው፤ ጓንቷን አጠለቀች። ሬዲዮ አጠገቧ ቆሞ ስለ ብየዳ የሚያውቀውን ሁሉ ሊያስረዳት ጀመረ።

«እሱን ያዙልኝ ጋሼ» አለች እየሳቀች። ከዚያ መከለያዋን ወደ ፊቷ አወረደች፤ ድምፅዋ ከውስጥ ታፍኖ መጣ። «ሁላችሁም ወደ ግድግዳው ዙሩ። ብርሃኑን እንዳታዩት።»

ፊታቸው ላይ አረፋ ያለባቸውም፣ ግማሽ ፀጉራቸው የተቆረጠም፣ ሬዲዮም ጸጥታም እንደ ታዛዥ ተማሪ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጸጥታ የራሱን ጥላ አየ፤ ሰማያዊው ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ግድግዳው ላይ ይዘልላል። ከኋላቸው ብረት ከብረት ሲያያዝ ይንሿሿል።